ይዤው አልመለስም

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጉም ጣርማ በርን ዘጋው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቆላው የሚወርደው የብርሃን መስመር ተቋረጠ። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የደብረ ሲና ተጠባባቂ ጣቢያ ምንም አይሠራም። ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ጋሽ ያቤጽ። አዲስ አበባ ያለው ዋናው አዳራሽ መልእክቱን ሁሉ በቀጥታ ለየቤቱ ያደርሳል፤ እኛ መስኮት እንወለውላለን፣ ባትሪ እንለካለን፣ እንጨቃጨቃለን። ዋናው ሲቋረጥ ግን ላኪ ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል። ከከተማው ጋር የሚያገናኘን አሮጌ የመሬት ገመድ አለ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ጉም ግን አያውቅም። ከቆላው መንደሮች ጋር የሚያገናኘን እንደ ዋናው ብርሃን ነው። የእኛ ብርሃን የሚያቋርጠው አንድ ሸለቆ ብቻ ስለሆነ አልፎ አልፎ ቀዳዳ ያገኛል።

መልእክት እንቀበላለን፣ እናቆያለን፣ እንሞክራለን። ካልሆነ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና እንሞክራለን፤ ከዚያ ወዲያ በየአራት ሰዓቱ። መቶ ሃያ ሰዓት ሞልቶ ያልደረሰ መልእክት «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። ባለፈው ዓመት አልተገኙም ከተባሉት ሰዎች ሦስቱ በእግራቸው እዚህ ድረስ መጥተው መኖራቸውን ሊያስረዱኝ ሞክረዋል። ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለኝም።

በዚያ ሰኞ መጀመሪያ የደረሰኝ መልእክት ጠርዙ ቀይ ነበር፤ አስቸኳይ ማለት ነው። ውስጡን ማየት አይፈቀድልኝም፤ ሽፋኑን ግን አነባለሁ። «ላኪ፦ የዓይን ብሌን ተራ። ተቀባይ፦ ሶልያና መርዕድ፣ ጠጠር አምባ። መልስ ይጠበቃል።»

ሶልያና ድሮ የሕፃን ስም ነበር አሉ። ዛሬ በ፳፻፸፩ ዓ.ም. ሶልያና፣ ያቤጽ፣ ናሆም የሚባሉት ሁሉ ምርኩዝ የያዙ ናቸው። የእኔ እኩዮች ስንዱ፣ በላቸው፣ ትደነቂያለሽ ነን።

ጋሽ ያቤጽ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አነበበ። «እትዬ ሶልያናን አውቃታለሁ» አለ። «የፀሐይ ሸራ ሰፊዋ ናት። ግቢያችን ላይ የተዘረጋውን ማን የሰፋው መሰለሽ?»

በመስኮት አየሁት። የሸራው አሮጌ ክፍል ላይ ያለው ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀጠለው ግን እንደ ሰካራም ዱካ ወዲያና ወዲህ ይላል። በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ፤ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

«አንዱ ዓይኗ ሄዷል» አለ። «ሌላው በመንገድ ላይ ነው። አሁን የምትሰፋው በዳሰሳ ነው።»

የብሌን ተራ አራት ዓመት ይፈጃል። እምቢ ያለም፣ ያልተገኘም ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እማማ ሶልያና ይህ ተራ ካለፋቸው የሚቀጥለው የሚደርሳቸው የሚተከልበት ዓይን ሳይኖር ነው።

«ታዲያ ሄደው ለምን አይነግሯቸውም?» አልኩት።

«ልግደላት እንዴ ደግሞ?»

ልክ ነበር። በሰው አፍ የደረሰ መልእክት እንዳልተላከ ይቆጠራል፤ ተራው በዚያው ደቂቃ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ሕጉ የወጣው አጭበርባሪዎች በየቤቱ እየዞሩ «ተራዎ ደርሷል» ማለት ሲጀምሩ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። የሚጎዳውም ጥሩ ሆኖ ነው።

ሰኞ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ጉም ውስጥ ቀረ። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሸለቆው ለጥቂት ደቂቃ ተከፈተ፤ የእማማ ሶልያና በርም መልስ ሰጠ።

በር የምለው የእንጨቱን አይደለም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን፣ የባለቤቱን ድምፅና ጠባይ ተምሮ ስለ እሱ የሚመልሰውን ነው። የሚረባውን ያስገባል፣ የማይረባውን ይመልሳል፣ የመለሰውን ለባለቤቱ አይናገርም። ሰው የሚገዛው ለዚህ ነው፤ እንዳይረበሽ። የእማማ ሶልያና በር ከእሳቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ድምፁ ትንሽ ሻከር ያለ የአሮጊት ድምፅ ነው።

ጣቢያችን በተለመደው የሴት ድምፅ ሰላምታውን አነበበ። «ደብረ ሲና ተጠባባቂ ጣቢያ። መልእክት አለ።» ሽፋኑንም አሳየ።

«እንደምን ናችሁ፣ እግዜር ያክብራችሁ» አለ በሩ። «ኧረ ለእኔ አይገባም። ምን ላይበት ብዬ! ለወጣቶቹ ይሁን። ስላሰባችሁኝ ብቻ ተባረኩ።»

ዋናው አዳራሽ ያለው ማሽን እንዲህ ያለውን መልስ ራሱ ይተረጉማል። የእኛው አሮጌ ነው። የሚያውቀው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት፣ ገብቷል። አራት፣ ቆይተህ ተመለስ። አምስት፣ በቃ፣ አትምጣ። አምስት የተጻፈበት መልእክት በዚያው ቅጽበት ይመለሳል፤ አራት የተጻፈበት ሰልፉ ውስጥ ይቆያል። ማሽኑ ያልገባው ጊዜ እኔን ይጠይቃል።

«መልሱ አልተለየም። አራት ወይስ አምስት?»

አራት ጻፍኩ።

ከዚያ ስሕተት ሠራሁ። መጠበቅ አልወድም። ሸለቆው ክፍት ነው፣ በሩ ነቅቷል፣ አራት ሰዓት የምጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። በእጅ የሚገፋውን ቁልፍ ተጫንኩ። በሩ ያንኑ መለሰ። እንደገና ተጫንኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ። በአራተኛው «ምነው እመቤቴ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አለ። በስድስተኛው ምንም አላለም። ማሽኑ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አወጣ፦ «ተቀባዩ ላኪውን ነዝናዛ ብሎታል። ለሦስት ቀን አይደመጥም። ከዚያ በኋላ ከመደበኛው ሙከራ ውጭ በቀን አንድ ብቻ።»

ጋሽ ያቤጽ ጽሑፉን አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለው።

«ስንዱ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ቤት ሄደሽ በሩን እንዲህ ትደበድቢያለሽ?»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ።»

«አይ፣ ብታውቂ ጥሩ ነበር» አለና መስኮቱን ወደ መወልወል ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ በላቸው ደወለ። በላቸው የዋናው አዳራሽ ተረኛ ኃላፊ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን፤ የላቦራቶሪ ሪፖርቱን ለሁለት ዓመት ከእኔ ገልብጧል። ስለዚህ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ብዙ አይሠራም።

«ሰላም ነሽ?»

«ጉም ውስጥ ነኝ። ምን ፈለግህ?»

«ጠጠር አምባ ያለው በር ‹ለወጣቶቹ ይሁን› ብሏል። አንቺ አራት ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«አማርኛ ትችያለሽ አይደል?»

«አንተ ነህ የማትችለው። ማሽንህ ቢሆን ምን ይጽፍ ነበር?»

«አምስት። ግልጽ ነዋ። ባለፈው ዓመት ከእናንተ ሦስት ወረዳ ብቻ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት እንዲህ ያለ መልስ አለ። ሪፖርት አድርገናል።»

«ምን ብላችሁ?»

«የነዋሪው ፍላጎት ቀንሷል ብለን።»

በዚያ ሪፖርት መሠረት ወደ ቆላው ይወርድ የነበረው የሕክምና መኪና በዓመት ከአራት ጊዜ ወደ አንድ እንደተቀነሰ አስታወስኩ። ሰርኩላሩ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። «የነዋሪውን ፍላጎት ያማከለ» ይላል።

«እናትህ ጎረቤት ሄደው ብሉ ሲባሉ ምን ይላሉ?» አልኩት። በላቸው የቆላ ልጅ ነው፤ እናቱ ከጠጠር አምባ ማዶ ሾላ ውኃ ነው የሚኖሩት።

«በልቻለሁ ትላላቸዋ።»

«በልተው ነው?»

ሳቀ። «ይሄ ግን ምግብ አይደለም፣ ስንዱ።»

«በሩ ያንን በምን ያውቃል? የተማረው ከሰውየው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያይ የኖረው የመጀመሪያ ግብዣ እምቢ ሲባል ነው። የእናትህ በርስ?»

«እናቴ ደህና ናት። እሑድ እሑድ እናወራለን» አለ፤ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። «መመሪያው ግን...»

«አንቀጽ ዘጠኝ። መልሱ ካልተለየ የጣቢያው ሠራተኛ ይወስናል። እኔ ነኝ።»

«እሺ። እስከ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ አንቺም አታተርፊያቸውም።»

ረቡዕና ሐሙስ በሩ ተዘግቶብን፣ ጉሙም ተኝቶ ዋለ። የጉም ቀን ደብረ ሲና ከተማ ሌላ ነው። የከተማው ሰው በሩን ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ የኪስ በር የሚሠራው ግን በዋናው በኩል ስለሆነ አብሮ ይቋረጣል። ያኔ ሰዎች ለራሳቸው መመለስ አለባቸው፤ ልምዱ ደግሞ የለም። ሐሙስ ፀጉር ቤት ከአጠገቤ ተራ የምትጠብቅ ልጅ «ነገስ ትመጫለሽ?» ተባለች። ኪሷን ተመለከተች። ኪሷ ዝም አለ።  በመጨረሻ «እመጣለሁ መሰለኝ» አለች፤ ከዚያ የማታውቀው ሰው የተናገረ ይመስል ዞር ብላ አየች።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ እገዳው አልፎ፣ ሸለቆውም ተከፍቶ፣ በሩ እንደገና ሰማን።

«ደብረ ሲና ተጠባባቂ ጣቢያ። መልእክት አለ።»

«ደግሞ መጣችሁ? ድካማችሁ አሳዘነኝ» አለ በሩ። «ኧረ ተዉት፣ በቃኝ። ከእኔ የባሰ ስንት አለ።»

አራት ጻፍኩ። የማሽኑ ጠርዝ ላይ ቀሪው ሰዓት ይታያል፤ አሥራ ስምንት።

«አንቺ» አለ ጋሽ ያቤጽ ከኋላዬ፣ «ሰው ሲለምን እንዲህ ነው?»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከርኩት።»

«መሞከሩንማ ሞክረሻል። ያንኑ ቃል ነው የደገምሽው። እንግዳ ‹ብላ› ተብሎ እምቢ ሲል፣ ሁለተኛም ‹ብላ› ብትይው ለይስሙላ የምትጋብዢው ይመስለዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው መክበድ አለበት። ሦስተኛው ደግሞ ማምለጫ የሌለው።»

«መልእክቱን መንካት አልችልም። አንድ ፊደል ብለውጥ እስር ቤት ነው።»

«መልእክቱን ማን ንኪ አለሽ? ደጅ ላይ ቆመሽ የምትይውን ነው የምልሽ።»

ዞሬ አየሁት። እሱ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ነበር የሚያየው።

የሰላምታው መስመር የላኪው አይደለም፤ የጣቢያው ነው። አርባ ፊደል ይይዛል። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። መመሪያውን ከፈትኩ። ስለ ሰላምታው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጣቢያው ራሱን በትሕትና ያስተዋውቅ።»

«እባክዎ በአስቸኳይ ይቀበሉ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» አለ።

አጠፋሁት። «በሞቴ» ብዬ ጻፍኩ። «በማን ሞት ግን? በእኔ?»

«በጣቢያው።»

«ጣቢያ ይሞታል እንዴ?»

«አሁን እኮ እየለመነ ነው። ለለመነ ሁሉ ይፈቀዳል። አፈር ስሆን ጨምሪበት።»

ጨመርኩ። አነበብኩት። አሁንም የሚጎድለው ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ራሴን ደጃቸው ላይ ዕቃ ተሸክሜ ሳስብ ነው። ተሸክሞ የመጣ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መመለስን።

«እማማ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይዤው አልመለስም።»

ከአርባው ሠላሳውን ወሰደ። ጋሽ ያቤጽ ሁለት ጊዜ አነበበውና «እንዲህ ያለ ሰው ለእኔም ቢመጣ እምቢ አልለውም» አለ። ከዚያ «ለዕዳ ካልሆነ» ብሎ አረመ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በላቸው ደወለ።

«ምንድን ነው ይሄ የጻፍሽው? ጣቢያ በሞቴ አይልም!»

«መመሪያው በትሕትና ይላል። ከዚህ የበለጠ ትሕትና ካወቅህ ላክልኝ።»

«ስንዱ፣ ነገ የባትሪ ሻጭ ሁሉ በሞቴ ቢልስ?»

«ይላል። ያኔ ሌላ ቃል እንፈልጋለን።»

«እመልሰዋለሁ።»

«አትችልም። መስመሩ የጣቢያው ነው። ዋናው መስመር ሲከፈት ደውልልኝ» አልኩና ዘጋሁት። በኋላ ሳስበው ትንሽ አብዝቼዋለሁ።

እስከ ቅዳሜ ንጋት ያሉት ሙከራዎች ሁሉ ጉም ውስጥ ገብተው ቀሩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ የተደረገው የመጨረሻው መደበኛ ሙከራም ቀረ። የሚቀጥለው አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው፤ መልእክቱ የሚመለሰው ሦስት ሰዓት ላይ። የቀረኝ በእጅ የሚገፋው አንዱ ነበር። ጉም ውስጥ ከገፋሁት ይባክናል።

ጋሽ ያቤጽ ሬዲዮውን ይዞ ከጣቢያው በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣ። ከዚያ ሆኖ ከማዶ የጠጠር አምባን የቆርቆሮ ጣራዎች ማየት ይቻላል፤ የሚታዩ ሲሆን። ብርሃኑ ማዶ ደርሶ ለመጨበጥ፣ ማለትም ከበሩ ጋር ለመገናኘት፣ አራት ሰከንድ ያስፈልገዋል። እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ሁለት ሰዓት። ሁለት ከሩብ። ሬዲዮው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል።

ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ «አየሁ!» አለ። ጣቴ ወረደ፤ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ሄደ። «አይ፣ ቆዪ፣ ቆዪ! ዛፍ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ።»

ጣቴን አነሳሁ። በሕይወቴ ይህን ያህል የዘገየ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

«ጋሽ ያቤጽ፣ ዛፍና ጣራ አይለዩም?»

«አንቺም የኔን ዕድሜ ድረሺ። ብሌን ትፈልጊያለሽ።»

ሁለት ከአርባ። ሁለት ከአርባ አምስት። ማሽኑ የመመለሻውን ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመረ፤ «ባለቤቱ» የሚለውን ጽፎ ቆመ። ሌላውን የሚሞላው ሰዓቱ ሲደርስ ነው።

«ስንዱ» አለ ሬዲዮው። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። «ጣራ አየሁ። ሁለት ጣራ። ሦስት። መንገዱም ታየ። አሁን።»

ተጫንኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ብርሃኑ ጨበጠ።

«እማማ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይዤው አልመለስም» አለች ጣቢያችን፤ ያንኑ የአስተዋዋቂ ድምፅ ይዛ። ከዚያ ሽፋኑን አሳየች።

በሩ ብዙውን ጊዜ ለመመለስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

«ምነው፣ ምነው!» አለ። «ሞትሽን ያርቀው! እንዲህ ካልሽማ ምን እላለሁ፤ ተሸክመሽ ቆመሽ። በይ ግቢ፣ አምጪው።»

ማሽኑ እኔን አልጠየቀም። ሁለት ጻፈ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ነበር።

«ገባ?» አለ ጋሽ ያቤጽ።

«ገባ።»

«ምን አለች?»

«ግቢ አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ቆመሻል? ቁጭ በያ።»

ለካ ቆሜ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት እማማ ሶልያና መጡ። በጠፋው ዓይናቸው ላይ ጥቁር መሸፈኛ፣ በትከሻቸው የመርፌና የክር ከረጢት። ሰላምታችንን ሳይጨርሱ ግቢው መሐል ቆመው ወደ ሸራው አንጋጠጡ።

«ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አለ ጋሽ ያቤጽ። እየሳቀ አንቱ አላቸው።

«አውርዱልኝ። ሰው እያየው!»

አወረድንላቸው። መሬት ተቀምጠው የተጣመመውን ስፌት አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ከደረሰ በኋላ መናገር አይከለከልም። በራቸው ደጋግሞ እምቢ እንዳለ፣ ተዘግቶብን እንደነበር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር እንደገባን። እየሰሙ ፈቱ።

«እምቢ አለች?» አሉ። «እኔን ሆና?»

«ለወጣቶቹ ይሁን አለች።»

«ያቺ የማትረባ! እኔ እምቢ የምለው ለቁርጥ ነው፤ ሰርግ ቤት፣ ያውም እስኪደግሙልኝ። ለዓይን እምቢ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ምን ብላችሁ እሺ አሰኛችኋት?»

«በሞቴ።»

«በማን ሞት?»

«በጣቢያው።»

ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስተው በመጀመሪያው ሙከራ ክር አስገቡበት።

«ሌላስ ምን እምቢ ብላብኝ ይሆን?» አሉ፤ ወደ እኔ ሳያዩ።

አላወቅሁም። የእኔም በር ምን እንደመለሰ አላውቅም። የእኔው ደግሞ ከእኔ ነው የተማረው፤ እምቢ ሲል እንኳ ሰላምታ የሚያስቀድም አይመስለኝም።

በላቸው የደወለው በማግስቱ ነው። ሰላምታ አልነበረውም።

«አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንቱን ማንበብ ጀምሬያለሁ» አለ። «ሦስት መቶ ያህል ደርሻለሁ። ‹አይቸገሩ።› ‹ለሌላው ይሁን።› ‹እኔ ምን ጎደለኝ።› ሁሉም እንደዚያ ነው።»

«እና?»

«አንዷ እናቴ ናት።»

ጠበቅሁ። መጠበቅ ለምጄ ነበር።

«የጆሮ መሣሪያ ተራ ደርሷት ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ የማውቀው ትንሽ እንደሚከብዳት ብቻ ነው። ትናንት ሾላ ውኃ ወረድኩ። ከኋላዋ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራኋት፣ ስንዱ። አትሰማም። ጭራሽ።»

«እሑድ እሑድ እናወራለን ብለህ...»

«ስለዚህ የማወራው ከበሯ ጋር ነበር ማለት ነው» አለ። «ሁለት ዓመት። ‹ለሳልህ ታጠንክ?› ብላኝ ነበር እኮ ባለፈው።»

 «ምን ልርዳህ?» አልኩት።

«በአንቺ ሰላምታ በኩል ይለፉልኝ። ሁሉም።»

«አምስት የተጻፈበት እኔ ጋ አይመጣም። ላኪዎቹ እንደገና እንዲልኩ አድርግ።»

«ያንን እችላለሁ። ግን ሲልኩ በዋናው ነው የሚያልፈው። በሮቹ ያንኑ ይላሉ፣ ማሽኑም አምስት ይጽፋል።»

«ስለዚህ ሲልኩ ዋናው መቋረጥ አለበት።»

«ጉም መቼ ነው የሚመጣው?»

«በሌ፣ ጉም አልኩህ?»

 እየጻፈ እንደሆነ ከቁልፎቹ ድምፅ ገባኝ።

«ያለ ምክንያት ዋናውን ማቋረጥ ያስጠይቃል» አለ።

«አንድ ሰዓት ነው። ጊዜያዊ። ጊዜያዊ መቋረጥ ሲያጋጥም ተጠባባቂው ይረከባል፤ የተረከበውንም እስኪያደርስ ይይዛል። አንቀጽ አንድ፤ ፈተና ላይ ከእኔ ገልብጠኸዋል።»

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ምንም አልነበረበትም። ከመስኮታችን የአዋሽ ሜዳ እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር። እማማ ሶልያና ያደሱት ሸራ ግቢው ላይ ተወጥሯል፤ ስፌቱ ቀጥ ብሏል። ማሽኑ ጮኸ። «ዋናው አዳራሽ ተቋርጧል። ምክንያት፦ ጉም።»

ጋሽ ያቤጽ ጨርቁን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ጣርማ በርን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ጉም የለም እኮ።»

«አለ» አልኩ፤ መዝገቡ ላይም «ጉም» ብዬ ጻፍኩ።

መጀመሪያ አሥራ ሁለት መጡ። ከዚያ ዘጠና። ከዚያ መቁጠሪያው ከዓይኔ ፈጠነ፤ የጥርስ ተራ፣ የጆሮ መሣሪያ፣ የውኃ መስመር፣ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ የሚላክ አስታማሚ፣ ሁሉም ጠርዛቸው ቀይ። ከሰላምታው መስመር ላይ «እማማ» የሚለውን አወጣሁ፤ አባባዎችም ነበሩበት። ሌላውን እንዳለ ተውኩት።

የመጀመሪያው በር ከሾላ ውኃ መለሰ። ደልዳላ የሴት ድምፅ ነበር። «ኧረ አይቸገሩ» አለ። «ስላሰባችሁኝ ብቻ ተባረኩ።»

አራት ጻፍኩ። መቶ ሃያ ሰዓት አለኝ።